ሁለተኛው እሳት

ሐጂ ጀናት ጉል ለዱዓ እጃቸውን ሲያነሱ ሰደርያቸው ተከፈተና ኪያል ሚር ወገባቸው ላይ የተሸጎጠችውን ሽጉጥ አየ።

በሁጅራው፣ በወንዶቹ የእንግዳ ቤት፣ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ አብሯቸው መዳፉን ዘርግቶ አንገቱን ደፍቷል። ኪያል ሚር ግን ዓይኑን ከሽጉጧ መንቀል አቃተው። እጀታዋ ላይ ያለችውን ትንሽ የነሐስ ኮከብ ያውቃታል፤ የለጠፋት እሱ ራሱ ነው። ከአርባዎቹ አንዷ ናት።

ዱዓው አለቀና ሰዎቹ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳልፈው ቀና አሉ። ሐጂው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጉልበታቸውን ይዘው ወደ ገመድ አልጋው ዝቅ ሲሉ የሽጉጧ እጀታ ከአልጋው እንጨት ጋር ተጋጨ። ቀጭን ድምፅ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየም። ኪያል ሚር ትንፋሹን ውጦ ቆየ። ምንም ሳይሆን ሲቀር ነው አየር የሳበው።

"አላህ ይዘንለት" አሉ ሐጂው። "ዘርዋሊ ወንድ ነበር።"

"አሚን" አለ ኪያል ሚር። ሌላም ነገር ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን አዳዲስ ለቀስተኞች በር ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ አየና ሊቀበላቸው ተነሳ።

የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። ታላቅ ወንድሙን ዘርዋሊን የቀበሩት ትናንት ነበር። ወደ ቲራ በሚወጣው መንገድ ላይ የተሳፈረበት ዳትሰን መኪና ለቀትር ሶላት ሲቆም ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እሱ ብቻ ከመቀመጫው ሳይነሳ ቀረ። ሹፌሩ እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ትከሻውን ሲነካው ነው ነገሩ የገባው። ስልሳ ዓመቱ ነበር። ልቡ ነው አሉ።

በከተማቸው በዳራ ከሁለት በር አንዱ የጦር መሣሪያ መሥሪያ ነው። ቶርኖውም ሞረዱም ጠዋት የጀመረውን ጩኸት እስከ ምሽት አያቆምም። ሽጉጥ የሚሠራ ሞልቷል። ገዢው ሳይተኩስ፣ ሳይፈትሽ፣ ማህተሙን ብቻ አይቶ ወገቡ ላይ የሚሸጉጥለት ግን ዘርዋሊ ብቻ ነበር። ኡስታድ ይሉታል፤ የሙያው አባት እንደ ማለት። በዚህ ሁጅራ ከተቀመጡት ውስጥ ታዋስ የሚባለው፣ ሱቁ ከእነሱ ሱቅ አጠገብ የሆነው ወሬኛ፣ ከዘርዋሊ ሽጉጥ ከማዘዝ ሚስት ማግባት ይፈጥናል ይባል እንደነበር አስታወሰና ሰዉን ፈገግ አሰኘው። አንዱ የራሱን ጨመረ። በአንድ ወር እጮኛም ይዞ ከዘርዋሊም ሽጉጥ አዝዞ፣ ሽጉጡን የተቀበለው የበኩር ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው አለ። ሳቁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ለቅሶ ቤት እንደሚሳቀው።

አረንጓዴ ሻይ በብርጭቆ ዞረ። የሟች ቤት ሦስት ቀን ምድጃ አይለኮስበትምና ሩዙንም ሥጋውንም የሚያመጡት ጎረቤቶች ናቸው። ኪያል ሚር ግን የቀረበለትን ሁሉ ሳይነካ ነው ያስመለሰው።

ሳቁ ሲረግብ ታዋስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጎኑ ላለው ሰው ማውራት ጀመረ። ዝቅ ማድረጉ ለይስሙላ ነው፤ ሁሉም ይሰማዋል። መጨረሻውን ዓይኑ ነው የጣለው ይላል። ፔሻዋር ሄዶ ዓይኑን ከታከመ ወዲህ እጁ እንደ ድሮው አልነበረም፤ አርባ ሽጉጥ አበላሽቶ ያ ምስኪን ሹፌር እግሩን ያጣው በዚያ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ በእርጅናው እንዲህ መሆኑ ያሳዝናል።

ኪያል ሚር ሁሉንም ሰማ። ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠና መልሶ አነሳው። 

መልስ የሰጡት ሐጂ ጀናት ጉል ናቸው። የዘርዋሊ ሥራ አይሳሳትም አሉ። ሁለት ጊዜ እቤታቸው ድረስ መጥቶ ሽጉጧን ይመልሱልኝ፣ ውስጧ የተበላሸ ነገር አለ እያለ ለምኗቸው ነበር፤ ሁለት ጊዜም እንቢ ብለውታል። ሰውየው ከሥራው የሚበልጥ ትሕትና ስላለው ነው እንጂ ሽጉጧ ምንም የላትም። እንዲህ ብለው በኩራት ወገባቸውን ቸብ ቸብ አደረጉ።

ኪያል ሚር ወደ ጆሯቸው ተጠጋ።

"ሐጂ፣ እባክዎ ካዝናውንም የጎረሰችውን ጥይትም አውጥተው ይያዟት።"

ሐጂው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "አንተም እንደ ወንድምህ ፈሪ ሆንክ? ሴፍቲው ተዘግቷል። ዘርዋሊ የዘጋውን ማን ይከፍተዋል?"

እሱም አልገፋበትም። ከአስር ሶላት በኋላ ሐጂው ተነስተው፣ ያቺን የጎረሰች ሽጉጥ ወገባቸው ላይ እንደያዙ፣ በአቧራማው መንገድ ቁልቁል ሲሄዱ በዓይኑ ሸኛቸው።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ዘርዋሊ ዓይኑን የሞራ ግርዶሽ ጋርዶት ፔሻዋር ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ዒድ ደርሷል። የአርባ ሽጉጥ አካል ተሞርዶና ተወልውሎ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፤ የቀረው ትንሹ ነገር ነው። ሴፍቲው፣ የተኩስ መቆለፊያው፣ ሲዘጋ ጥይቱን የምትመታውን መዶሻ አንቃ የምትይዝ፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል የብረት ጥርስ። ይህችን ጥርስ ዘርዋሊ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ከአሮጌ ጭነት መኪና ባሌስትራ ቆርጦ ራሱ ይሞርዳታል፤ እስክትቀላ አግሎ ዘይት ውስጥ ይነክራታል። ያን ጊዜ ትጠነክራለች፤ ግን እንደ ብርጭቆ ናት። ስለዚህ እንደገና በዝግታ፣ የገለባ መልክ እስክትይዝ፣ ያሞቃታል። ይሄኛውን ሁለተኛው እሳት ይለዋል። የመጀመሪያው እሳት ያጠነክራል፣ ሁለተኛው ያስታግሳል ይል ነበር። ለአንዲት ጥርስ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ኪያል ሚር በዚያን ጊዜ አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳውን ዓመት ከወንድሙ ጎን ቆሞ ሞርዷል። ጥርሷን ግን ሠርቶ አያውቅም። ላላ፣ ታላቅ ወንድሙን እንዲህ ነው የሚጠራው፣ ከሆስፒታል ሲመለስ አርባውም አልቀው እንዲያያቸው ፈለገ። ቀኑ ሲያጥርበት፣ ዘይት ውስጥ የነከራቸውን ጥርሶች በሞረድ ሞከራቸው፤ ሞረዱ ተንሸራተተ፤ ጠንክረዋል። በቂ ነው ብሎ ገጠማቸው።

ዘርዋሊ ዓይኑ ተገልጦለት ሲመለስ ከደጅ ጀምሮ እየሳቀ ነበር። የግድግዳውን ስንጥቅ ሳይቀር እያየ ይደነቅ ነበር። አርባውን ሽጉጥ አየ። አንዷን አነሳ፣ ምላጯን ሳበ፣ ሴፍቲዋን ዘጋ፣ ከፈተ።

"እጅህ ደርሷል" አለው።

በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሎት አያውቅም። ከዚያ ማህተሙን አውጥቶ አንዷንም ሳይፈታ በአርባዎቹም ላይ መታ። ኪያል ሚር ያኔ መናገር ይችል ነበር። ሁለተኛውን እሳት ዘልዬዋለሁ ማለት ነበረበት። ግን ደስ ብሎት ነበር፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ከሰባት ወር በኋላ ሚናዋር የሚባል የኮሃት ሹፌር ከጭነት መኪናው ላይ ጆንያ ሲያወርድ ሽጉጡ ከወገቡ ሾልካ ድንጋይ ላይ ወደቀች። ሴፍቲዋ ተዘግቶ ነበር። ጥይቱ ቁርጭምጭሚቱን ፈረካከሰው፤ ፔሻዋር ላይ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ዘመዶቹ ሽጉጧን በጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው ሱቁ በር ላይ አስቀመጧትና ሳይሰናበቱ ሄዱ።

ዘርዋሊ ፈታት። የተሰበረችውን ጥርስ በማጉያ መስታወት ረጅም ጊዜ ተመለከታት።

"ይቺ ሁለተኛ እሳት አልነካትም" አለ።

ቀና ብሎ ወንድሙን አየው። ኪያል ሚር ዓይኑን ሰበረ። ዘርዋሊ መስታወቱን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ከነገ ጀምሮ እንሰበስባቸዋለን አለ። ነገሩን ከዚያ በኋላ አንስቶበት አያውቅም።

ያኔ ነው ኪያል ሚር አፉ የተከፈተው፤ መከፈት በማይገባው ጊዜ። ማህተማችንን አስመስሎ የሚመታ ስንት አለ፣ የኛ አይደለችም እንበል አለ። ጥለዋት ነው፣ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው አለ። ሰበሰብናቸው ማለት አርባውም ብልሹ ናቸው ብሎ በገበያ መለፈፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን ያምነናል አለ። ዘርዋሊ እስኪጨርስ ሰማው።

"ማህተሙን ሳልፈታ የመታሁት እኔ ነኝ" አለ። "አመኑኝ። አምነውኝ እቤታቸው ይዘውት ገቡ።"

በማግስቱ ብቻውን ወጣ። ኪያል ሚር አብሬህ ልሂድ አላለም፤ የሰው ፊት ማየት አልቻለም። ወንድምየው አሥራ አራት ወር ሙሉ ከሐንጉ እስከ ባራ፣ ከባራ እስከ ጃምሩድ በዳትሰንና በእግር ተንከራተተ። ሠላሳ ስድስቱን አስመለሰ። ለእያንዳንዱ በራሱ እጅ የሠራትን ጥርስ ገጥሞ መለሰለት። አራት ቀሩት። አንዷ ቲራ ናት፤ እሷን ሊያመጣ ሲሄድ ነው የቀረው።

ለቀስተኛው ሲቀንስ ኪያል ሚር ወደ ውስጠኛው ቤት ገባ። የዘርዋሊ ሚስት ፓስታና ብቻዋን ነበረች፤ ሲያለቅሱ የዋሉት ሴቶች ሶላታቸውን ሊሰግዱ ወደ ጎረቤት ሄደዋል። እናታቸው ስትሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናትና አዴ፣ እናቴ፣ ነው የሚላት። ጎረቤት ያመጣውን ሩዝ ገፋ አደረገችለት። ሦስት ጉርሻ እስኪወስድ ጠበቀችው።

ከዚያ ወንዶቹ ምን እንደሚያወሩ ጠየቀችው። ስለ ላላ ደግነት ያወራሉ አላት። ሌላስ አለችው።

"ዓይኑ ደከመ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ እያሉ ነው አይደል?" አለች። "እሱ ራሱ ነው ያስወራው። በየቤቱ እየሄደ ‘አረጀሁ፣ እጄ ከዳኝ’ ይላቸው ነበር። እኔም ሰምቼ ተናደድኩ። መርፌ ውስጥ ክር የሚከትልኝ እኮ እሱ ነው! ለምን ትዋሻለህ ብዬ ጠየቅኩት።"

ኪያል ሚር እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ።

"ምን አለ?"

"‘እኔ ልጨርስ ነው፤ ኪያል ግን በስሙ ገና ሃያ ዓመት ይሠራል’ አለኝ።"

ሳህኑን አንስታ ሄደች። ታውቃለች ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሻዩን እያቀረበችለት፣ ልብሱን እያጠበችለት፣ ታውቅ ነበር።  ኪያል ሚር ከቀብር ጀምሮ እንባ አልወጣውም ነበር፤ አሁንም አልወጣውም። 

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሁጅራው እንደገና ሞላ። የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ከሩቅ ያሉትም መጡ። ሐጂ ጀናት ጉል የትናንት ቦታቸው ላይ ናቸው። በኮሃት ማለፊያ በኩል የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾችም መጥተዋል፤ ሁለቱም የነሐስ ኮከብ ያላት ሽጉጥ ታጥቀዋል። ኪያል ሚር ሲያያቸው ቆጠረ፤ ካልተመለሱት አራት ሦስቱ እዚሁ ክፍል ውስጥ ናቸው።

ከዚያ ሚናዋር ገባ።

ሁለት ምርኩዝ ይዟል። የሱሪው አንድ እግር ተጣጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።  ታዋስ ሳይቀር ቦታ ለቀቀለት። ሚናዋር ምርኩዞቹን ጎኑ አጋድሞ ተቀመጠ፣ መዳፎቹን አነሳ፣ ሰዉም አብሮት አነሳ። ዱዓው ከሌሎቹ ሁሉ ረዘም ያለ ነበር።

ሲጨርስ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ። ዘርዋሊ መጀመሪያ ሆስፒታል ሲመጣ ሰድቦ አባረረው። ሁለተኛ እቤቱ ሲመጣ በሩን አልከፈተለትም፤ ግማሽ ቀን ደጁ ላይ ተቀምጦ ሄደ። ሦስተኛ ሲመጣ ሚስቱ አዘነችና ሻይ ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ ሰኞ ሰኞ ይመጣ ጀመር። ይቅር በለኝ ብሎ አያውቅም። ስለ ቁስሉ ይጠይቃል፣ ምርኩዙ ብብቱን ሲልጠው አይቶ በቆዳ ሸፈነለት፣ ከዚያ ዝም ብሎ አብሮት ይቀመጣል። ሚናዋር ቀስ እያለ ንዴቱ እንደበረደ ተናገረ። ለሰው የሚያስፈልገው ስህተቱን ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው አለ። የሽማግሌ እጅ መክዳቱ ያለ ነው፤ ያንን ይቅር ብዬው ነበር፣ አላህም ይቅር ይበለው ብሎ ጨረሰ።

ሰዉ አሚን አለ። ታዋስ ጭንቅላቱን እየወዘወዘ ዓይኑ ነው እኮ የጣለው፣ ምስኪን አለ።

"ዓይኑ ምንም አልሆነም" አለ ኪያል ሚር።

ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደተነሳ አያውቅም።

"ዓይኑም እጁም ምንም አልሆኑም። ጥርሷን የሠራሁት እኔ ነኝ። ላላ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አርባውንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን እሳት ዘለልኩት። ስላመነኝ ሳይፈታ ማህተም መታባቸው። ለእናንተ የነገራችሁ ውሸት ነው፤ እኔን ሊሸፍን የዋሸው።"

ብርጭቆ የያዘ ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። ከደጅ የአንድ ሱቅ ቶርኖ ሲጮህ ይሰማል።

ሚናዋር ወደ እሱ ዞረ።

"እንግዲያ አሥራ አራት ወር ይቅር ስለው የኖርኩት ላልሠራው ነገር ነው?"

"አዎ።"

"አንተ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አልመጣህም።"

"አልመጣሁም።"

ሚናዋር አንገቱን ነቀነቀ። "ላንተ እንደ አዲስ ልጀምር ነው። አሁን አልችልም። ውስጤ አልቋል።"

 ኪያል ሚር ወደ ሐጂው ዞሮ ተንበረከከና ሁለት እጁን ዘረጋ። ሐጂው ተቆጥተው ነበር፤ ፊታቸው ቀልቷል። የሟችን ስም ለማጽዳት ብለህ ራስህን አታዋርድ፣ ይቺ ሽጉጥ ሁለት ዓመት ምንም አልሆነችም አሉት። እሱ ግን እጁን አላጠፈም። ብዙ ከቆዩ በኋላ ሽጉጧን መዘዙ፣ አፈሙዟን ወደ ጭቃው ግድግዳ አዙረው ካዝናውን አወጡ፣ የጎረሰችውን ጥይት አውጥተው ጉያቸው ከተቱና ሰጡት።

ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ። ነጠላ ጨርቅ ምንጣፉ ላይ ዘርግቶ ሰው ሁሉ በሚያይበት መፍታት ጀመረ። አንድ ሁለቱ ተጠጉ፤ ወዲያው ሁሉም ተጠጉ። ጥርሷ ታየች። በመሃሏ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። ኪያል ሚር በጥፍሩ ጫፍ ነካ አደረጋት። ሁለት ሆና ጨርቁ ላይ ወደቀች።

ሐጂ ጀናት ጉል ሁለቱን ስባሪ አንስተው መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አዩዋቸው። 

"ትራሴ ስር ነው የማስቀምጣት" አሉ። "የልጄ ልጆች ከኔ ጋር ነው የሚተኙት።"

 ከኮሃት ማለፊያ ከመጡት ወንድማማቾች ታላቅየው ካዝናውን አወጣና ሽጉጡን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። ታናሽየው ግን እጁን እጀታዋ ላይ እንዳደረገ ኪያል ሚርን ይመለከተው ነበር። ተናዷል። አባታችን የዘርዋሊን ማህተም ስሙ ነው ብሎ አስተማረን፣ ከእንግዲህ ወዲያ ምኑን እንመን ሲል ጠየቀ።

"እኔን አትመኑኝ" አለ ኪያል ሚር። "ሰጥታችሁኝ እዚሁ ተቀመጡ። ስሠራ እዩኝ፣ ስገጥም እዩኝ፤ ደስ ካላላችሁ ለሌላ ሰው ስጡት። ማህተሙን ግን ከእንግዲህ አልመታውም። የወንድሜ ነው።"

ታናሽየው ጥቂት አሰበና የሱንም አስቀመጠ። አላመነውም፤ ፊቱ ያስታውቃል። ግን አስቀመጠ።

ሰዉ መበተን ሲጀምር ሚናዋር ምርኩዞቹን ብብቱ ስር አድርጎ ተነሳ። ኪያል ሚር ሊደግፈው እጁን ሰደደ፤ ሚናዋር ክርኑን አራቀ። በር ላይ ሲደርስ ግን ሳይዞር ቆመ።

"ወንድምህ ሰኞ ሰኞ ነበር የሚመጣው" አለ። "ሰኞ እቤት ነኝ።"

ማታውን ፓስታና የሆነውን ሁሉ ሰምታ ጠበቀችው። ግቢ ውስጥ ቆማ ልብስ ታጣጥፋለች። በሰው ፊት መናገሩን የዘርዋሊን ውለታ እንደ መጣል ትቆጥረው እንደሆነ ፈርቶ ነበር። እሷ የያዘችውን እስክትጨርስ አላየችውም።

"ቢሰማ ይቆጣህ ነበር" አለች። ቀጥላም፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ "ከዚያ ደግሞ ልብሱን ለብሶ ቲራ አብረን እንሂድ ይልህ ነበር" አለች።

በአራተኛው ቀን የሱቁን መዝጊያ ከፈተ። ከባሌስትራው አራት ቁራጭ ቆረጠ፣ ሞርሳ ላይ አስሮ ሞረዳቸው። አገላቸው፣ ዘይት ውስጥ ነከራቸው። ወንድማማቾቹ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ ሐጂውም ዱላቸውን ተደግፈው ያያሉ። ሁለተኛው እሳት ላይ ሲደርስ ታናሽየው ለምን ቶሎ ቶሎ አታደርገውም ብሎ ጠየቀ። ኪያል ሚር አይቸኮልም፣ እንዲያውም እዚህ ላይ ነው የማይቸኮለው አለው። ብረቷ ቀስ እያለች ግራጫነቷን ለቀቀች፤ ጠርዟ ላይ የገለባ መልክ ታየና እያደር ሁሉንም አካሏን አለበሰ። ያኔ ነው እንባው የመጣው። ጭሱ ነው እንዳይል ጭስ አልነበረም። ሐጂው አንገታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩለት።

ሦስቱ ሽጉጦች ከሰዓት በኋላ ተገጥመው፣ ሴፍቲያቸው ተዘግቶ ባዶአቸውን አሥር አሥር ጊዜ ድንጋይ ላይ ከተጣሉ በኋላ ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ። መዶሻቸው አንዴም አልወደቀም። ሐጂው ሽጉጣቸውን ተቀብለው ጥይት ሳያጎርሱ ነው የወሰዷት።

አራተኛዋን ጥርስ በወረቀት ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተና በማግስቱ ማለዳ ወደ ቲራ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ተሳፈረ። ከሹፌሩ ኋላ ሁለት ባዶ ወንበሮች አገኘ። በመስኮቱ በኩል ያለውን ትቶ በመተላለፊያው በኩል ባለው ተቀመጠ። ብረት ሊገዙ ወደ ኮሃትና ወደ ፔሻዋር በተመላለሱበት ዘመን ሁሉ የመስኮቱ ቦታ የዘርዋሊ ነበር፤ መኪና ያዞረዋል፣ አየር ካላገኘ ፊቱ አመድ ይመስላል፣ ያንን ደግሞ ለሰው መናገር ያፍራል።

መኪናው ሞላ። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ አንድ የዱቄት ከረጢት የተሸከመ ሰውዬ እየሮጠ መጣና ወደ ውስጥ አጎንብሶ ተመለከተ።

"ይሄ ሰው አለው?" አለ ባዶውን ወንበር እያሳየ።

ኪያል ሚር ወደ ወንበሩ ዞሮ አየ።

"የለውም" አለ። ተነስቶ ወደ መስኮቱ ተጠጋና ለሰውየው ቦታውን ለቀቀ። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጁን ዘርግቶ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተው።